ፊላውን አታስነኪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። "ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከአባቴ የወረስኩት ቦታ አለ። ውኃው በየዓመቱ አፈሩን እየበላብኝ ነው። ውኃው ዳር እንደ ሸምበቆ የበቀለውን ፊላ አስጠርጌ የድንጋይ ግንብ ላሠራ አስቤያለሁ። ከግንቡ ጀርባ ምን ዓይነት አገር በቀል ዛፍ ብተክል ይሻላል?" ነው ያልሽው። ከሥር የሰጡሽን መልስም አነበብኩ። አብዛኛው ሰው ግንበኛ ነው የጠቆመሽ። እባክሽ ማንም ጋ ከመደወልሽ በፊት እኔን ስሚኝ። ያንቺው ዓይነት ቦታ ነው ያለኝ። ያንቺው ሐሳብ ነበረኝ። 210 ሺህ ብሬን ሐይቁ በልቶታል።

እንዲመችሽ በቁጥር አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ፊላውን አታስነኪው። ዛፉ በኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ። እኔ በ2010 ቦታውን እንደያዝኩ የመጀመሪያ ሥራዬ ፊላውን ማስመንጠር ነበር። ሐይቁ ከበረንዳዬ ቁልጭ ብሎ እንዲታየኝ ፈለግሁ። "እባብ ይደብቃል፣ ትንኝ ያራባል" ብለው የመከሩኝም ነበሩ። አራት የቀን ሠራተኛ ቀጠርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በገጀራና በማጭድ 40 ሜትር አጸዱልኝ። ሥሩን ሳይቀር በዶማ አስነቀልኩት። በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በጀልባቸው ሲያልፉ ቆም አሉ። ዝም ብለው አዩን። "ልጄ፣ ቆሮሶ ዓሣ የሚራባው እዚህ ውስጥ ነው። ላንተም አጥርህ ነበር" አሉኝ። አመስግኜ ሸኘኋቸው፤ ሥራውን ግን አላስቆምኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ሐይቁ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ማዕበሉ ፊላው ውስጥ ሲገባ በዚያ ሁሉ ዘንግ መሀል እየተከፋፈለ ጉልበቱ ያልቃል። መሬቱ ጋ ሲደርስ ዳሩን ላስ አድርጎ ይመለሳል። ሥሩ ደግሞ እንደ መረብ ተጠላልፎ ጭቃውን ጨብጦ ይይዛል። ቀጥ ያለ ግንብ ሲያጋጥመው ግን ጉልበቱን የሚጥልበት የለውም። ግንቡን መትቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ወደ ታች ይቆፍራል። አፈራችን ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀላል አፈር ነው። ፑሚሱን፣ ያንን ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ፣ ውኃ ላይ ብትጥይው ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ የቆመ መሠረት ስንት ዓመት ይቆያል?

ፊላውን አንስቼ ያሠራሁት የእኔ ግንብ ሦስት ዓመት አልሞላውም። በ2013 ጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ ግንቡ እንደወትሮው ቆሟል። ጠጋ ስል ከጀርባው ያለው ሣር እግሬ ሥር ረገብ አለ። ዱላ ሰድጄ ብወጋው እስከ ክንዴ ድረስ ገባ። ውኃው ከመሠረቱ ሥር ሰርስሮ ገብቶ አፈሩን ጠርጎ ወስዶታል። ላዩ ሣር፣ ሥሩ ባዶ። በሳምንቱ ወደ 15 ሜትር የሚሆነው በአንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ ተኛ። ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ የሚሰማውን ድምፅ አስቢው። ግንበኛው ውኃ የሚተነፍስበት አንድ ቀዳዳ እንኳ አልተወለትም ነበር። ከኋላ የዝናቡ ውኃ ገፋው፣ ከፊት ሐይቁ ቆፈረው።

2. ሐይቁን የምትለኪው በጥቅምት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ የገባው ውኃ ቶሎ አይሄድም፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ከፍ ሲል ታይዋለሽ። እኔ ጥር ላይ ለክቼ "ውኃው እዚህ ድረስ ነው" ብዬ ወሰንኩ። ጥቅምት ላይ የለካሁበት ችካል ውኃ ውስጥ ነበር። ዓመቱም አንድ አይደለም። በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. ሐይቁ እንዴት እንደሞላ የሰፈርሽን ትልልቅ ሰዎች ጠይቂ። ከተማው ዳር ያ ሁሉ የአፈር ግድብ የተሠራው በከንቱ አይደለም። አባትሽ ቦታው ላይ ከኖሩ ምናልባት ለአንቺም ነግረውሻል፤ ውኃው የት ዛፍ ሥር እንደደረሰ አስታውሺ። ቤትሽም ግንብሽም ከዚያ ወዲያ ይሁን።

3. ቃል አትቀበዪ፤ ደብዳቤ ተቀበዪ። ይሄንን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። ግንቡን ከመጀመሬ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ በግልጽ ጠይቄያለሁ። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "የራስህ ይዞታ አይደል እንዴ? ለግንብ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል?" አለኝ። አምኜ ሠራሁ። በሰባተኛው ወር ከዚያው ሕንፃ ሌሎች ሠራተኞች መጥተው ግንቤ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። "የሐይቁ መከለያ ውስጥ ገብተሃል" አሉኝ፤ ከውኃው ዳር ተለይቶ የሚጠበቀውን መሬት ማለታቸው ነው። "መከለያው ስንት ሜትር ነው?" ስላቸው ሦስት ጠረጴዛ ሦስት የተለያየ ቁጥር ነገረኝ። "ማን ፈቀደልህ?" ሲሉኝ የማሳየው አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለኝም። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንዴ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ አንዴ "ሲስተም የለም"፣ አንዴ ደግሞ "ፋይልህ አልተገኘም፣ እንደ አዲስ አመልክት"። አንዷ ጸሐፊ በሰው ፊት "ሐይቁን ልታጥረው ነው እንዴ የፈለግከው?" ብላ ጮኸችብኝ። በዕድሜ ታላቋ ነኝ። ምንም ሳልመልስ ወጣሁ።

በመጨረሻ የረዳኝ አንድ ወጣት ቀያሽ ነው። ጂፒኤሱን ይዞ መጥቶ ወሰኔን ነጥብ በነጥብ አሳየኝ። አንቺ ከዚህ ጀምሪ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ ያለን የይዞታ መብት ነው። ውርሱ ያስተላለፈልሽም እሱን ነው። ስለዚህ ይዞታሽ የት እንደሚያልቅ፣ መከለያው ከየት እንደሚጀምር፣ መከለያው ውስጥ ምን መትከል እንደሚፈቀድልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱ ማኅተም ያለበትና የነጥቦቹ ቁጥር የተጻፈበት ይሁን። ማመልከቻሽን ስታስገቢ ቅጂው ላይ "ደርሷል" አስብለሽ አስፈርሚ። ፋይሉ ጠፋ ሲሉሽ እሱን ነው የምታወጪው።

አራተኛው ስለ ጎረቤት ነው። የእኔ ግንብ ሲያልቅ ማዕበሉ ጫፉን ዞሮ የጎረቤቴን መሬት ይቦረቡር ጀመር። እሳቸው ፊላቸውን አልነኩም፤ ከእኔ ግንብ ጫፍ ጋር የሚገናኘው ጥግ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ተበላ። የሸንኮራ ተክላቸው ሐይቁ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ተከራከርኩ። "ሐይቁ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?" አልኩ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ቦታው ድረስ ሄደው ሲያዩ ነገሩ ግልጽ ነበር። ግንቡ ያለቀበት ቦታ ላይ መሬቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ይቅርታ ጠየቅሁ። የተበላውን ጥግ በራሴ ወጪ ሞላሁ። ዛሬ ቡና የምንጠጣው አብረን ነው። አንቺ ግን ግንብ የምትሠሪ ከሆነ ቀድመሽ ጎረቤቶችሽን አማክሪ፤ ጉዳቱ ለእነሱም ይተርፋልና።

አሁን ቁጥሩን ልተወውና ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ።

የቀረውን ግንብ ራሴ አስፈረስኩት። ቀጥ ያለውን ዳር አስተኛሁት፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር ያህል ወደኋላ እንዲያጋድል አደረግሁ። የግንቡን ድንጋይ አልጣልኩትም። ከተዳፋቱ ግርጌ ሳይለሰን በልቅ ደረደርኩት። በሲሚንቶ ስላልተያያዘ ውኃው በመሀሉ ይገባል፣ ይወጣል። ጋቢዮን፣ ማለት በሽቦ ቅርጫት የታጨቀ ድንጋይ፣ የምትችዪ ከሆነ እሱም ጥሩ ነው፤ ከሥሩ ውኃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጂኦቴክስታይል የሚባል ጨርቅ ካልተነጠፈ ግን አፈሩ በድንጋዩ መሀል ሾልኮ ያልቃል።

ከዚያ ያንን ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ፈልጌ ሄድኩ። አልተቀየሙኝም። ፊላ እንዴት እንደሚመለስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዘንጉን መንቀል አይደለም። ሥሩን ከነጭቃው በአካፋ እንደ እንጀራ መሶብ አክለሽ ታነሺዋለሽ። ዘንጉን ከጉልበትሽ ከፍታ ላይ ትቆርጪዋለሽ፤ ግን ጫፉ ከውኃው በላይ መቅረት አለበት። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት በሆነበት ቦታ ትቀብሪዋለሽ። ከአንድ ቦታ ብዙ አታንሺ፤ አለበለዚያ እዚያም ሌላ ቁስል ትከፍቻለሽ። እኔ ከጎረቤቴ አስፈቅጄ በየሁለት እርምጃው አንድ አንድ ነው ያነሳሁት።

ብቻውን ብትተይው ማዕበሉ በሳምንት ይነቅለዋል። ከፊት ለፊቱ የቀርከሃ ርብራብ አቆምኩ። ከደጋው የሲዳማ ቀርከሃ አስመጥቼ፣ ሁለት ሁለት ረድፍ ችካል ተክዬ፣ በመሀሉ ቅርንጫፍ ጠቅጥቄ አሰርኩት። ሁለት ዓመት ቆሞ በሰበሰ። እስኪበሰብስ ፊላው ሥር ሰዶ ነበር። በማዳበሪያ አሸዋ ሞልተሽ መደርደር የሚሉሽ አሉ። ሞክሬዋለሁ። ማዳበሪያው በፀሐይ ተበጣጥሶ ፕላስቲኩ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ለሁለት ወር ስለቅም ነበር።

ከፊላው ከፍ ብሎ እርጥቡ ዳር ላይ የተከልኩት አኻያ ነው። ይሄን ዛፍ ውደጂው። ችግኝ መግዛት አያስፈልግሽም። አውራ ጣት የሚያክል፣ 1 ሜትር የሚረዝም ቅርንጫፍ ትቆርጫለሽ። ታችኛውን ጫፍ አሹለሽ ትቀርጪዋለሽ። ሁለት ሦስተኛውን መሬት ውስጥ ትሰጂዋለሽ፤ እምቡጡ ወደ ላይ ያይ። ከመቶ ቁራጭ ሰማንያ የሚሆነው ያዘልኝ። በመሀሉ ቄጠማና ሰርዶ ነው። ሰርዶን ሰው አረም ነው ብሎ ይንቀዋል፤ የእኔን ተዳፋት የያዘው ግን እሱ ነው። ጓሮሽ ተዳፋት ከሆነና የዝናብ ጎርፍ የሚወርድበት ከሆነ እዚያ ላይ ቬቲቨር ትችያለሽ። የእኛ አገር ሣር አይደለም፤ ግን ሥሩ እስከ 3 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል፣ በዘርም አይስፋፋም።

ዛፍ ላልሽው፦ ከአኻያው ጀርባ ዶቅማና ሾላ። ሾላን ከቤትሽ አርቂው፤ ሥሩ ወደ ቤቱ መሠረት ይገባል። ደረቁ ላይ ግራር፣ ዋንዛና ብሳና። ዋንዛ ሲያብብ ንቡን አይተሽ አትጠግቢም። ችግኝ ስትገዢ ዘንጉ የረዘመውን አትምረጪ፤ ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ተጠምዝዞ ያረጀ ነው። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋሉ ብለው ይመክሩሻል። ሁለቱም ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። አንቺ የጠየቅሽው አገር በቀል ነው፤ በዚህ አቋምሽ ጽኚ። ሐምራዊ አበባውን ወደሽ እምቦጭ ወደ ዳርሽ እንዳታስጠጊ። ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል፤ እዚህም ጥቁር ውኃ በሚገባበት በኩል አለ። አንዲት ተንሳፋፊ ቅጠል ካየሽ ከነሥሯ አውጥተሽ ደረቅ መሬት ላይ ጣያት።

የምትተክዪበት ጊዜ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ነው። ውኃው በጥቅምት ከፍ እስኪል አራት ወር ሥር የሚሰድበት ጊዜ ያገኛል። እኔ የመጀመሪያውን ዙር ነሐሴ ላይ ተክዬ ግማሹን ውኃ ወሰደው። ከተረፈው ደግሞ ሲሶውን ጉማሬ በላውና ረገጠው። ሌሊት ለግጦሽ ሲወጣ መንገዱ ነበር ለካ። በሁለተኛው ዓመት መንገዱን ለቀቅሁለት፤ የቀረውን በእሾህ አጠርኩ። ከዚያ ወዲህ አልተነካብኝም። ከጉማሬው በላይ የሰፈር ፍየል ነው ያስቸገረኝ።

ዕይታውን አትጪ። የፈለግሽው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እሱን ብዬ ነው የተቃጠልኩት። ፊላው መሀል 2 ሜትር የምትሰፋ መተላለፊያ ክፈቺ፤ ግን ቀጥ አታድርጊያት። ወደ ጎን አጋድያት፤ ማዕበሉ ፊት ለፊት እንዳይገባ። በረንዳሽን ከፍ ብታደርጊው ከፊላው በላይ ሐይቁን ታያለሽ። አሁን የእኔ ፊላ 6 ሜትር ይሰፋል። ጠዋት ዳክዬዎች ጫጩታቸውን ይዘው ሲወጡ ከበረንዳዬ አያለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት የደረደርኩት ድንጋይ ሣር ሸፍኖት አይታይም። በዚያች በተከፈተችው መተላለፊያ ሽማግሌው ጀልባቸውን አስጠግተው ሻይ ይጠጣሉ።

የአኻያ ቁራጭ ካጣሽ እዚሁ ጻፊልኝ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ እገርዛለሁ። መቶ ሁለት መቶ ቁራጭ አላጣልሽም። እርጥብ ጆንያ ይዘሽ ነይ፤ ከተቆረጠ በኋላ ከሁለት ቀን በላይ ሳይተከል መቆየት የለበትም።