በርት ዊሊያምስና «አቢሲኒያ»፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሸክላ (የድሮውን 78 የሚባለውን የሙዚቃ ዲስክ ማለቴ ነው) በእጃችሁ ያለ ቅድሚያ አላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን፦ ሸክላውን አልኮል አታስነኩት።

የፒያሳው፦ ጋሼ፣ ሰውዬውን ለማናውቀው ባጭሩ ቢነግሩን?

መላሽ፦ በርት ዊሊያምስ ጥቁር የመድረክ ቀልደኛና ዘፋኝ ነው። በ1874 ባሃማስ፣ ናሶ ተወለደ፤ ካሊፎርኒያ አደገ። በ1893 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከጆርጅ ዎከር ጋር ተጣመረ፤ መድረክ ላይ ዎከር ሽቅርቅሩ፣ እሱ ፈዛዛው። በ1903 «ኢን ዳሆሚ» የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር ብሮድዌይ፣ የኒውዮርክ ቴአትር ሰፈር፣ ላይ 53 ጊዜ ተጫወቱት፤ ከዚያ ለንደን ይዘውት ሄዱ። ዎከር ታሞ በ1911 ሲሞት እሱ ዚግፌልድ ፎሊስ የሚባለው የኒውዮርክ ትርኢት ውስጥ ገብቶ ነበር። ማርች 4 ቀን 1922 አረፈ። ባጭሩ ተብያለሁ።

ቤዛ፦ «አቢሲኒያ» የሚባል ሥራ አላቸው ሲባል እሰማለሁ። ስለኛ ነው?

መላሽ፦ አዎ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906፣ ኒውዮርክ፣ ማጀስቲክ ቴአትር። ሎተሪ የወጣለት ጥቁር አሜሪካዊ ወዳጅ ዘመዱን ሰብስቦ ኢትዮጵያ ይገባል። ዊሊያምስ በሌብነት ተከሶ ምኒልክ ፊት ይቀርባል፤ እጁ ይቆረጥ አይቆረጥ የሚታወቀው በደወሉ ምት ብዛት ነው። አንዱ ምት አልቆ ሌላው እስኪመጣ ያለችው ፋታ የሱ ናት፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በፊቱ ብቻ ያስቃል። ልብ በሉ፣ አድዋ ገና 10 ዓመቱ ነው፣ ምኒልክም በሕይወት አሉ። የኒውዮርክ ተመልካች ጥቁር ንጉሠ ነገሥት ሲፈርድ ተቀምጦ አየ።

ደረጀ፦ እጅ ቆራጭ አድርጎ ማሳየት ክብር ነው እንዴ?

ቤዛ፦ ዳኛ አድርጎ ነው ያሳያቸው። ልዩነት አለው።

ደረጀ፦ ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ የሚያስቅ ሰው ስለ ክብር ምን ያወራል?

የፒያሳው፦ ሳይቀባ መድረኩን ማን ይሰጠው ነበር? በዚያ ዘመን እኮ ነው፣ የኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም ጀርመን ድረስ ሄደው ሸክላ ያስቀረጹት።

ደረጀ፦ ተሰማ ፊታቸውን አልቀቡም!

መላሽ፦ ተሰማን ለሌላ ቀን። ቀለሙ ግን የተቃጠለ ቡሽ ነው። ቡሹ እስኪከስል ይቃጠላል፣ ይደቃል፣ በውሃ ይለወስና ይቀባል። ወዛም ቆዳ ላይ አይይዝም፤ ሲጨርሱ በሳሙናና በውሃ ይለቃል። ዊሊያምስ ቀላ ያለ ሰው ስለነበር ጥቁር ሆኖ ሳለ እንደ ጥቁር ለመጫወት መቀባት ነበረበት። ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

ሰናይት፦ የታወቀ ዘፈኑን፣ የ«ኖባዲ»ን ሸክላ አግኝቻለሁ። ድምፁ ወፍሮ ይሻክራል፤ በምን ላጫውተው?

መላሽ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዪ፤ ለኮሎምቢያ ሸክላ ኩባንያ በ1906 ቀርጾት በ1913 ደግሞታል። የ1906ቱ ሲወጣ ባለ አንድ ገጽ ነበር፤ ሁለት ገጽ ካለው ቆይቶ የታተመ ነው።

የወፈረብሽ ከፍጥነቱ ነው። 78 ተብሎ ቢጠራም የዚያ ዘመን ኮሎምቢያ በደቂቃ ወደ 80 ዙር ይጠጋል። ሁለት ዙር ስታጎድዪ ድምፁ የሴሚቶን (በፒያኖ የአንድ ቁልፍ ልዩነት) ግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ የሰውዬው ቅላጼም ይሞታል።

የሚሻክረው ደግሞ ከመርፌው ነው። የኤልፒ (የኋለኛው ዘመን ፕላስቲክ ዲስክ) መርፌ ቀጭን ስለሆነ ወርዶ የቦዩን፣ ድምፁ የተቀረጸበትን ጭረት፣ ወለል ይፍቃል። ለሸክላ የሚሆነው 75 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ መርፌው ሸክላውን የሚጫንበትን ክብደት ከ3 እስከ 5 ግራም አድርጊው። ቀረጻው ድምፅ በሚሰበስብ ቀንድ እንጂ በማይክሮፎን ስላልሆነ የፎኖ ማስተካከያውን (ማጉያው ለኤልፒ ባሱን ከፍ የሚያደርግበትን) አጥፊው፤ አለዚያ ባሱን ያሳብጠዋል። ግራና ቀኙን ወደ ሞኖ አጣምሪ፣ ጫጫታው ይቀንሳል። የጥንት ግራሞፎን ከሆነ የብረቱ መርፌ ለአንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ከዚያ ጣዪው።

ስትሰሚ ትሮምቦኑን ተከተዪ። እሱ ግማሹን እየተናገረ፣ ግማሹን እየዘፈነ ከምቱ ኋላ ይጎተታል፤ ትሮምቦኑ እያቃሰተ ይመልስለታል።

አቡሽ፦ ሸክላዬ ቆሽሿል፣ በአልኮል ብጠርገውስ?

መላሽ፦ ከላይ ምን አልኩ? ሸክላው የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል! የተጣራ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ። በቦዩ አቅጣጫ ጥረግ፤ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት አይርጠብ። አቁመህ አድርቅ፣ አቁመህም አስቀምጥ።

ቤዛ፦ ትዳሩስ?

መላሽ፦ ሚስቱ ሎቲ ተዋናይት ነበረች። ቀጣይ።

አቡሽ፦ ስፒሪት ግን አልኮል ነው?

መላሽ፦ ነው፣ ነው፣ ነው።

ደረጀ፦ እሺ፣ እኔም ልስማው። ከ«ኖባዲ» ሌላ ምን ጥሩ አለው?

መላሽ፦ የ1906ቱን በ80 ዙር ሰምተህ ጨርሰሃል?