የመብራት ሥራ የማን ሙያ ነው? ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በኃይል ዘርፍ 27 ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ኤሌክትሪሺያን ሆኜ፣ ቀጥሎ በማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ የኋለኞቹን ዓመታት ደግሞ በታሪፍና በኃይል ግዥ ውል ጥናት አሳልፌአለሁ። ወደዚህ ዘርፍ የሚገባው ምን የተማረ ሰው ነው የሚለውን ወጣቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ጥያቄ ያለው ሁሉ እንዲልክልኝ ጋብዤ ነበር። ከደረሱኝ ውስጥ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሴን ከሥራቸው አስፍሬአለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዘርፉ የሚሠራው ሰው በአብዛኛው የእኛ ሙያ ባለቤት ይመስለኛል። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ በከፊል ተሳስተሃል። በአገራችን ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚገኝ ስለሆነ፣ ጄኔሬተሩ ከመዞሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ሥራው የሚጀምረው የወንዙን ፍሰት በሚለካው የሃይድሮሎጂ ባለሙያ፣ ዐለቱን በሚመረምረው ጂኦሎጂስትና ግድቡን በሚነድፈው ሲቪል መሐንዲስ ነው። የሕዳሴ ግድብን ግንባታ እስከ ዕለተ ሞቱ የመራው ኢንጂነር ስመኘው በቀለ የሲቪል መሐንዲስ ነበር፤ ከዚያ በፊትም በግልገል ጊቤ ፕሮጀክቶች ላይ ሠርቷል። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ለዚህ ዘርፍ ብዙ ሰው አፍርቷል፤ ከዚያ የወጡት ግን የውኃ ሰዎች እንጂ በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ሰዎች አይደሉም።

ተርባይኑ ላይ ስንደርስ የመካኒካል መሐንዲሱ ይመጣል፤ የአንተ ሙያ ጎልቶ የሚታየው ከጄኔሬተሩ ጀምሮ ነው። የማስተላለፊያ መስመሩ በገበሬው ማሳ ላይ ሲያልፍ ደግሞ ወሰን የሚያስከብር፣ ካሳ የሚገምት፣ ከነዋሪው ጋር የሚነጋገር ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሠሩት ቀያሾች፣ የሶሲዮሎጂና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ናቸው። ምሰሶና ሽቦ ተሟልቶ ሳለ በወሰን ማስከበር ጉዳይ ብቻ የቆመ መስመር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ከእኛ ከመሐንዲሶቹ ይልቅ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገር አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጠቅሞናል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል፣ ማመንጨትና ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና መሸጥ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ያነጋገርኋቸው ተማሪዎች ሁሉ የሚመኙት የመጀመሪያውን ነው። ችግሩ ተከማችቶ ያለው ግን በሁለተኛው በኩል፣ ከማከፋፈያ ጣቢያ እስከ ቤትህ ቆጣሪ ባለው መንገድ ላይ ነው። በሰኔ ሙቀት መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም ነዋሪው ግድቡን ያማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከአቅሙ በላይ የተጫነ የሰፈር ትራንስፎርመር ወይም ያረጀ መስመር ነው። ያን የሚያስተካክል መሐንዲስ መሆን ክብር የሚያሳንስ የሚመስለው ተማሪ መብዛቱ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ከሳቢያን ነው የምጽፈው። ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ በደረጃ 4 ተመርቄ የብቃት ምዘናውንም አልፌአለሁ። ዲግሪ የሌለው ሰው እዚህ ዘርፍ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ምሰሶ ላይ ነው የሚቀረው?

መልስ፦ እኔ ራሴ የጀመርሁት ከአንተ ባነሰ ወረቀት ነው፤ ዲግሪዬን የያዝሁት በማታ ትምህርት፣ ሁለት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነበር። ማከፋፈያ ጣቢያ ስገባ ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የመጡት ባልደረቦቼ ብልሽት ሲያይ መስመሩ እንዲቋረጥ የሚያዝዘውን የመከላከያ ሪሌ ስሌት ከእኔ ይልቅ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ መስመሩን የሚያቋርጠው ሰርኪት ብሬከር ሳይከፈት ሲቀር የሚያሰማውን ድምፅ ግን የማውቀው እኔ ነበርሁ። ሁለቱም ዕውቀት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኝ ያ ሰው ይፈለጋል።

በተግባር የምመክርህ ከዘርፉ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ የኤሌክትሪክ ሥራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ነው። እሱን ይዘህ ከተቋራጭ ጋር በሕንፃ ዝርጋታ ሁለትና ሦስት ዓመት ብትሠራ፣ ኋላ በዲግሪ ስትመለስ መምህሩ የሚለው ሁሉ ቀድመህ በእጅህ የነካኸው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሐረር ነዋሪ ነኝ፤ በሕግ ተመርቄ በጥብቅና እሠራለሁ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው በኢነርጂ ውስጥ ቦታ አለ?

መልስ፦ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የተደሰትሁበት ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

የኃይል ዘርፍ ዛሬ ከሽቦ ባልተናነሰ በወረቀት የታሰረ ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006፣ የጂኦተርማል ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 981/2008፣ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ተከታትለው የወጡት ኃይል ማመንጨት የመንግሥት ሥራ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ስለታሰበ ነው። የግል አልሚ ሲገባ ደግሞ የሁለቱን ወገን ግንኙነት ለ20 ወይም ለ25 ዓመት የሚገዛው አንድ ሰነድ፣ የኃይል ግዥ ውል፣ ነው።

በአንድ ወቅት የእንዲህ ያለ ውል ረቂቅ በሚመረመርበት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። እኛ መሐንዲሶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሜጋ ዋትና ስለ ቮልቴጅ ተከራከርን። በአራተኛው ቀን አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ እጇን አውጥታ አንድ አንቀጽ አነበበችልን፤ ፍሬ ነገሩ «ኃይሉን ብትወስድም ባትወስድም ትከፍላለህ» የሚል ነበር። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ደግሞ በሌላ ገጽ ተጽፏል። ሁለቱን አንቀጾች አገናኝታ ስታሳየን ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ማናችንም አላየነውም ነበር።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ጋና እንዲህ ያሉ ውሎችን በብዛት ከፈረመች በኋላ፣ ለማትጠቀምበት የማመንጨት አቅም በየዓመቱ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምትከፍል የገንዘብ ሚኒስትሯ እ.ኤ.አ. በ2019 ለፓርላማ ተናግረዋል። እዚያ የጎደለው መሐንዲስ አልነበረም።

ለእኛ አካባቢም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኃይል እየሸጠ ነው፤ ወደ ኬንያ የሚሄደውም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሽያጭ ጀምሯል። ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ ኪሎ ዋት ሰዓት ሁሉ ዋጋው፣ መለኪያው፣ ያለመላኩ ቅጣትና የክርክሩ ዳኛ በውል ይወሰናል። እንግዲህ በጥብቅናህ ላይ የፋይናንስና የአስተዳደር ሕግ ጨምርበት፤ ጥቂት የኤሌክትሪክ ቃላት ለመልመድ ስድስት ወር ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ በሂሳብ አያያዝ ተመርቄ ከዚራ አንድ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። እኛስ?

መልስ፦ እናንተማ የዘርፉን ልብ የያዛችሁ ናችሁ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት እየተስተካከለ እንዲሄድ የተወሰነውን ታሪፍ አስቢው፤ ከጀርባው ያለው ጥያቄ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አምንጭቶ ቤትሽ ለማድረስ ስንት ያስወጣል የሚል ነው። ንብረቱን የሚመዝነው፣ የእርጅና ተቀናሹን የሚያሰላው፣ የብድር ወለዱን የሚደምረው፣ በመስመር ላይ የሚባክነውን ኃይል ወደ ብር የሚለውጠው የሂሳብና የኢኮኖሚ ሰው ነው። ድሃው ቤተሰብ በወር ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ይደጎም የሚለው ውሳኔ ደግሞ ከሂሳብም አልፎ ፖለቲካ ነው።

ጥያቄ፦ የኢነርጂ ሚኒስትር መሐንዲስ መሆን አለበት?

መልስ፦ የለበትም፤ ቢሆን ግን አይከፋም። እኛ ጋ የቀድሞው የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር ዶክተር ስለሺ በቀለ የውኃ ምህንድስና ሰው ሲሆኑ በዓለም አቀፍ የምርምር ተቋምም ሠርተዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 የኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ስቲቨን ቹ በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ ናቸው፤ ኋላ ቦታውን የያዙት ሪክ ፔሪ ግን የተማሩት የእንስሳት ሳይንስ ነው። እኔ ምሳሌ አድርጌ የማነሣው የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ኃላፊ ፋቲህ ቢሮልን ነው። በኢስታንቡል የኤሌክትሪክ ኃይል ምህንድስና ተምረው በቪየና ወደ ኢነርጂ ኢኮኖሚክስ ተሻገሩ፤ በነዳጅ ላኪ አገሮች ድርጅት በኦፔክም ሠርተዋል። በአንድ ሙያ ሥር ሰድዶ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ፖሊሲ ሲጽፍ ወረቀቱ ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን ይታየዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ሴት ነኝ፤ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ። ቤተሰቦቼ የመስክ ሥራ ለሴት አይሆንም ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጊቤ 3 ግድብ ሲሠራ ፕሮጀክቱን የመሩት ኢንጂነር አዜብ አስናቀ መሆናቸውን ንገሪያቸው፤ በኋላም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነዋል። ይሁንና መንገዱ ለስላሳ ነው ብዬ አልሸነግልሽም። የዓለም አቀፉ የታዳሽ ኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በታዳሽ ኢነርጂ ከሚሠሩት ውስጥ ሴቶች 32 በመቶ ነበሩ፤ በነዳጅና ጋዝ 22 በመቶ ብቻ። በታዳሽ ኢነርጂው ውስጥም በአስተዳደር ሥራ ድርሻቸው ከ32 በመቶው ከፍ ሲል፣ በሳይንስና ምህንድስና ቦታዎች ድርሻቸው ወደ 28 በመቶ ይወርዳል። በእኛ መስክ ላይ ያየሁት ችግር የጉልበት ጉዳይ አይደለም፤ ካምፑ ሲሠራ የሴት መጸዳጃና ማደሪያ አለመታሰቡ ነው። ለሥራ ስትወዳደሪ ይህን ሳታፍሪ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ባቡር ላይ በኤሌክትሪክ ጥገና ይሠራል። እሱም የኢነርጂ ሰው ይባላል?

መልስ፦ ያለ ጥርጥር። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በ25 ኪሎ ቮልት የሚሄድ ነው፤ የራሱ ማከፋፈያ ጣቢያዎች አሉት። የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊዎችንም እንዲሁ ቁጠራቸው።

ጥያቄ፦ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ የሶላር ዕቃ እሸጣለሁ፤ ገጠር ድረስ ሄጄም እገጥማለሁ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ባለሙያ ነኝ ለማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ሥራህ ባለሙያ ያሰኝሃል፤ ነገር ግን ልማድ የማያስተምራቸው ነገሮች አሉና አጭር ሥልጠና ውሰድ። አንዱን ልንገርህ። የፓነል አቅም የሚለካው ፓነሉ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ሳለ ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በግምት 0.4 በመቶ ይቀንሳል። ድሬዳዋ ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ 65 ዲግሪ የደረሰ ፓነል 16 በመቶ ያህል አጥቷል ማለት ነው። ደንበኛህ «የሸጥህልኝ ዕቃ ውሸት ነው» ሲልህ ዕቃው ላይዋሽ ይችላል። ከቆርቆሮው ከፍ አድርገህ አየር እንዲያልፍበት ብትገጥመው ልዩነቱን ታየዋለህ። በዘርፉ ፖሊሲ የሚጽፉ ሰዎች የገጠሩ ደንበኛ ዕቃው ሲበላሽበት ምን እንደሚያደርግ ቢጠይቁህ መልሱ ካንተ ዘንድ ይገኝ ነበር፤ የሚጠይቁህ ግን አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር በኢነርጂ ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ዕድል አግኝቻለሁ፤ የሥራ ልምድ ግን የለኝም። ልሂድ?

መልስ፦ ይህ የግል አስተያየቴ ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ብትሄጂ እመርጣለሁ። ዕድሉ የማይጠብቅ ከሆነ ግን ሂጂ፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ከዚህ ይዘሽ ሂጂ። ለምሳሌ በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪኖችና ባጃጆች ማታ ማታ ሲሞሉ የአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር ምን ያህሉን ይሸከማል? ድሬዳዋን ወስደሽ ይህን ብታጠኚ ሥራው የዚህን ከተማ ሰው ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ እኔ በመስመር ሠራተኝነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ልጄ 12ኛ ክፍል ነው፤ ኤሌክትሪካል ልማር ይላል። እኔ ከምሰሶ ወድቄ እግሬ ተሰብሯልና ፈራሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ እኔም በሥራ ላይ ያጣኋቸው ጓደኞች አሉኝ። ልጁ ከላይ እንዳነበቡት ከምሰሶ ሌላ ብዙ በር አለው፤ ቢሆንም እርስዎ የሚያውቁትን ሳያውቅ ባይመርጥ ይሻላል። ፈተናውን ሲጨርስ ክረምቱን ከአንድ ጠንቃቃ ተቋራጭ ጋር ያሳልፍ፤ ጓንቱን፣ የደኅንነት ቀበቶውን፣ መስመር ከመነካቱ በፊት ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን (ኧርዝ የሚደረግበትን) ሥርዓት ይመልከት። ከዚያም ወድጄዋለሁ ካለ ይግባ። የማውቀው አንድ ሰው ለገሀሬ አካባቢ አለ፤ ሰኔ ላይ ይቀበለው እንደሆነ ጠይቄ አሳውቅዎታለሁ።