የእሽጉ «ጸደይ» እና የሱሉልታ ውርጭ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን በጓሮዬ አበባ እያለማሁ ለበዓል እሸጣለሁ። ከውጭ የመጣ የማሪጎልድና የዳሊያ ዘር ገዝቼ፣ እሽጉን ልጄ ሲያነብልኝ «የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ በጸደይ ይዘራ» ስለሚል እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ዘራሁት። ነገር ግን እንቡጥ መያዝ በጀመረበት በኅዳር አንድ ማለዳ ጠቁሮ አገኘሁት። ጥፋቱ የዘሩ ነው ወይስ በሽታ ገብቶበት ነው?

መልስ፦ እንደ ገለጻዎ ከሆነ ዘሩም በሽታም አይደለም፤ ያሳሳተዎት «ጸደይ» የሚለው ቃል ነው። በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በነጠብጣብ ጀምሮ በቀናት ውስጥ ይዛመታል፤ ውርጭ ግን በአንድ ሌሊት ለሰማይ የተጋለጠውን የላይኛውን ቅጠል ይመታል፣ ቅጠሉም ማለዳ ውሃ የጠጣ መስሎ ታይቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ይጠቁራል። ከቤትዎ ክፈፍ ሥር የነበሩት ችግኞች አረንጓዴ እንደሆኑ ቆይተው ከሆነ ነገሩ ያለ ጥርጥር ውርጭ ነው።

እሽጉ በተጻፈበት አገር ውርጩ በክረምታቸው ወርዶ ያበቃና ጸደይ የሙቀት መግቢያ ይሆናል። እኛ በተለምዶ ጸደይ የምንለው ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ነው፤ ውርጩ የሚመጣውም በዚያው መካከልና ከዚያ በኋላ ነው። በክረምት ደመናው መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት እንዳያመልጥ ይይዘዋል፤ ሰማዩ ሲጠራ ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ይበንናል፣ ቀዝቃዛው አየርም እየከበደ ወደ ረባዳው ይወርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች የሚያስቡት ስለ አበባ ባይሆንም ወሩን በትክክል ለይተውታል።

ስለዚህ ቀኑን ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ማሪጎልድ ከዘር እስከ አበባ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል፤ በእናንተ ብርድ ግን 12 ሳምንት መያዝ ይሻላል። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል እንዲደርስልዎ በሰኔ ሚካኤል ሳምንት፣ ማለትም ከሰኔ 12 ጀምሮ፣ ዝናብ በማይመታው ክዳን ሥር ይዝሩት። የችግኙ አፈር 3 እጅ ለም አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ይሁን። በሐምሌ መጨረሻ ወደ መደብ ሲያዛውሩ፣ አፈርዎ ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ከሆነ መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ በክረምት ከብርዱ ይልቅ ችግኝ የሚፈጀው የሥር መበስበስ ነውና። የበረዶ ዝናብ የሚያዘወትር ከሆነ መረብ ቢዘረጉበት መልካም ነው።

ለፋሲካ ከሆነ ደግሞ በጥር አጋማሽ በቤት ጥግ ዘርተው፣ ሌሊት ሌሊት እየሸፈኑ አቆይተው፣ የካቲት ሲያልቅ ያዛውሩ። ከማዛወርዎ በፊት ለ10 ቀን ያህል ችግኙን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ወደ ውጭ በማውጣት ያለማምዱት። ዳሊያ ከዘር ሲነሳ ከማሪጎልድ ስለሚዘገይ አንድ ወር ያህል አስቀድመው ይዝሩት። በመስከረም መዝራት የግድ ከሆነብዎ ቀላል ውርጭ የሚችሉትን ካሌንዱላንና ፓንሲን ይምረጡ።

ቦታውም እንደ ቀኑ ሁሉ ወሳኝ ነው። በተዳፋቱ ግርጌ፣ ድፍን አጥር ባለበት፣ ቀዝቃዛው አየር መውጫ አጥቶ ይተኛል፤ መደቡን ጥቂት ሜትር ወደ ላይ፣ ቢቻል ቀን ፀሐይ ወደሚያገኘው የድንጋይ ግድግዳ ያስጠጉት። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ምሽት፣ አፈሩን ከሰዓት በኋላ አጠጥተው፣ ቅጠሉን በማይነካ የእንጨት ድጋፍ ላይ ጆንያ ያልብሱት፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ያንሡት።

የጠቆረውን ማሪጎልድ ነቅለው ወደ ኮምፖስት ይጣሉት። ዳሊያውን ግን አይንቀሉት፤ ሥሩን ጫር አድርገው ሲያዩ እንደ ትንሽ ድንች ያበጠ፣ ጠንካራ ሥር ካገኙ ሕይወት አለው። የደረቀውን ግንድ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ላይ ቆርጠው፣ አፈሩን ጭድ ጎዝጉዘውበት ውሃ ይቀንሱለት፤ በመጋቢት ማቆጥቆጥ ሲጀምር ማጠጣቱን ይቀጥሉ።