የዲስክ ዘመን ካለፈ ኦፕቲካል ምሕንድስና ያዋጣል ወይ?

ውድ ጠያቂ፣

የፊዚክስ ትምህርትዎን ለማጠናቀቅ አንድ ዓመት እንደቀረዎትና በሁለተኛ ዲግሪ ኦፕቲካል ምሕንድስና፣ ማለትም በብርሃን የሚሠሩ መሣሪያዎችን የመንደፍ ሙያ፣ አጥንተው በስክሪንና በመረጃ ማከማቻ ላይ መመራመር እንደሚሹ ገልጸዋል። ያሳሰበዎት ሲዲና ዲቪዲ ከአገልግሎት እየወጡ በመሆናቸው ሙያው አብሯቸው ይከስም ይሆን የሚለው ነው፤ እግረ መንገድዎንም ከቤተ ሙከራ ሥራና ከኮምፒውተር ስሌት የትኛውን ማስቀደም እንደሚሻል ጠይቀዋል።

ስጋትዎ ተገቢ ቢሆንም ዕቃውንና ሙያውን አንድ አድርጎ ከማየት የመጣ ይመስለኛል። ሲዲ የሚነበበው 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ሌዘር ሲሆን፣ ከዲቪዲ በኋላ የመጣው ብሉ ሬይ ዲስክ በ405 ናኖሜትር ይነበባል፤ የሌንሱ ብርሃን የመሰብሰብ አቅም፣ ማለትም ኒውሜሪካል አፐርቸር የሚባለው፣ ከ0.45 ወደ 0.85 አድጓል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 ባስቀመጠው ቀመር መሠረት፣ የሞገዱን ርዝመት ለአፐርቸሩ እጥፍ ሲያካፍሉ ሌዘሩ ሊያርፍበት የሚችለውን ትንሹን ነጥብ ያገኛሉ። ወረቀት ወስደው ያስሉት፤ ለሲዲ 867፣ ለብሉ ሬይ 238 ናኖሜትር ገደማ ይመጣል፤ የነጥቡ የቆዳ ስፋት በ13 እጥፍ አነሰ ማለት ነው። የዲስኩ አቅም ግን ከ700 ሜጋባይት ወደ 25 ጊጋባይት፣ ማለትም ከ35 እጥፍ በላይ አድጓል። ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው መረጃን ይበልጥ አጠጋግቶ ለመጻፍ፣ የደበዘዘን ምልክት ለማንበብና ስሕተትን ለማረም ካስቻሉ የስሌት ዘዴዎች ነው። ስለዚህ የሲግናል ትንተና ኮርስን እንደ ትርፍ አይቁጠሩት።

ያንን የ405 ናኖሜትር ብርሃን የሰጠው ጋሊየም ናይትራይድ የተባለ ሴሚኮንዳክተር ዲስኩ ሲቀር አብሮ አልቀረም። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበትን ሰማያዊ ኤልኢዲ ያስገኘው ይኸው ቁስ ሲሆን፣ ዛሬ የቴሌቪዥን ስክሪኖችን ከጀርባ ሆኖ ያበራል። በአዳዲስ ሃርድ ዲስኮችም በጽሕፈት ጭንቅላቱ ላይ የተገጠመ ሌዘር ዲስኩን ለቅጽበት አግሎ መግነጢሳዊ ጽሕፈቱን ያቀላል፤ የሚሞቀው ነጥብ ተራ ሌንስ ከሚደርስበት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ብርሃኑ በረቂቅ የብረታ ብረት ጫፍ ላይ ተጨምቆ ይደርሳል።

የምርምር ርዕስ ሲመርጡ ብርሃን የሚባክንበትን ቦታ እንዲከተሉ እመክራለሁ። በተለመደው የኤልሲዲ ስክሪን የመጀመሪያው ፖላራይዘር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ ብቻውን የብርሃኑን ግማሽ ያስቀራል፤ የቀለም ማጣሪያው ደግሞ ከተረፈው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይውጣል፤ በመጨረሻ ወደ ተመልካቹ ዓይን የሚደርሰው ከአንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። ነጥቦቹ ራሳቸው በሚያበሩበት የኦሌድ ስክሪንም ብርሃኑን የሚያስወጣ የተለየ ዘዴ ካልተበጀለት ከሚመነጨው ብርሃን አምስት እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ይወጣል፤ ቀሪው በንጣፎቹ ውስጥ እየነጠረ ታፍኖ ይቀራል። አንድ ተመራማሪ ከዚህ ብክነት ጥቂቱን እንኳ ቢያተርፍ የባትሪውን ዕድሜ ያራዝማል፤ ይህም የስክሪኑ ዓይነት ቢለወጥም የሚፈለግ ችሎታ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ ጊዜው ካለዎት ከቤተ ሙከራው ይጀምሩ እላለሁ፤ የስሌት ሶፍትዌር በኋላም ይለመዳል። በሁለት መስታወት አንድን ጨረር በተራራቁ ሁለት ቀዳዳዎች ማሳለፍን ይለማመዱ፤ የመጀመሪያውን መስታወት እያዞሩ ጨረሩን በቅርቡ ቀዳዳ ላይ፣ ሁለተኛውን እያዞሩ በሩቁ ላይ ያሳርፋሉ፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ትንሽ ስለሚዛባ ደጋግመው ይመላለሳሉ። በዚህ ጊዜ መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ የእጅ ሰዓትና ቀለበት ያውልቁ፤ ዓይንዎንም ወደ ጨረሩ ከፍታ ፈጽሞ አያውርዱ፤ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የጨረር መንገድን የሚያሰላ አጭር ፕሮግራም ራስዎ ጽፈው ውጤቱን በጠረጴዛው ላይ ከለኩት ጋር ያስተያዩ።

በመለኪያ፣ በፍተሻና በማምረቻ ሥራዎች ለመሰማራት ሁለተኛ ዲግሪ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አዲስ ነገር የሚነድፍ የምርምር ቡድን ለመምራት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። ይህን አሁን መወሰን የለብዎትም። ለሚያመለክቱበት መምህር ሲጽፉ ግን ከላይ ያልኩትን ልኬትና ስሌት ያያይዙ፤ ሁለቱ ያልተገጣጠሙበት ቦታ ካለም ሳይደብቁ ምክንያቱ ምን እንደመሰለዎት ይግለጹ።