የአንባቢያን ጥያቄ፦ ግሬናዳን ማን ጣላት?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የቀዝቃዛው ጦርነት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግሬናዳን «አብዮቷን አሜሪካ በወረራ አፈረሰችው» ብዬ አልፋት ነበር። ዘንድሮ አንድ ተማሪዬ «ኩባና ሶቭየት ኅብረት ለደርግ የደረሱትን ያህል ለእሷ ለምን አልደረሱላትም? ያስጠረጠራት አውሮፕላን ማረፊያስ እውነት የጦር ነበር?» ብሎ ያዘኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ መምህር፣ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢተዉአት ይሻላል። አሜሪካ የደረሰችው አብዮቱ በገዛ መሪዎቹ እጅ ከሞተ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የአገሪቱን ልክ ያሳዩአቸው። ግሬናዳ 344 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነች የካሪቢያን ባሕር ደሴት ናት፤ ባሶና ወራና ወረዳ ብቻውን ይበልጣታል። የሕዝቧ ቁጥር ያኔ 100 ሺህ ገደማ ነበር። ኑሮዋ በገውዝ ቅመም ነበር፤ ለዓለም ገበያ በማቅረብ ከኢንዶኔዥያ ቀጥላ ትጠራ ነበር፣ ባንዲራዋ ላይም የገውዝ ፍሬ አለ። ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችው ጥር 30 ቀን 1966 ነው፤ የእኛ የካቲት ሊፈነዳ ሲል ማለት ነው። መጋቢት 4 ቀን 1971 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤሪክ ጌሪ ውጭ አገር ሳሉ የሞሪስ ቢሾፕ የግራ ዘመም ንቅናቄ የጦር ሰፈሩንና ሬዲዮ ጣቢያውን ይዞ ሥልጣን ወሰደ።

አውሮፕላን ማረፊያው ብዙ የተዋሸበት ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብለው ይዩት። የቀድሞው የፐርልስ ማረፊያ አጭር ነው፣ ሌሊት አያሳርፍም፤ ከአውሮፓ ቱሪስት የሚያመጣ ትልቅ ጄት አይወርድበትም። የአዲሱ፣ የፖይንት ሳሊንስ፣ ሜዳ ርዝመት 2,700 ሜትር ያህል ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን መጋቢት 14 ቀን 1975 በቴሌቪዥን የአየር ፎቶውን አሳይተው «አየር ኃይል የሌላት አገር ይህን ለምን ፈለገችው?» የሚል ጥያቄ አነሡ። ነገር ግን የጎረቤቷ የባርቤዶስ ሜዳ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል፤ በርዝመት ብቻ የጦር ነው ማለት አይቻልም። የጦር ማረፊያ የሚለየው ቦምብ የሚችል የአውሮፕላን መጠለያና ከመሬት በታች የተቀበረ የነዳጅ ማከማቻ ሲኖረው ነው፤ ይህ ግን አልነበረውም። የመገናኛ መሣሪያውን የሚያስገባው የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር፣ የአሜሪካ ድርጅትም በቁፋሮው ተካፍሏል። ቢሾፕን ከወታደራዊ ሐሳብ ሁሉ ነጻ አናደርጋቸውም፤ የኩባና የሶቭየት መሣሪያ ወደ ደሴቲቱ ይገባ ነበር። ማረፊያውን ግን አሜሪካ ራሷ ረድታ አስጨርሳው በጥቅምት 1977 ተከፈተ፤ ዛሬ የሚጠራውም በቢሾፕ ስም ነው።

አሁን ወደ ውድቀቱ። ሰሌዳ ላይ ሦስት ቀን ይጻፉ፦ ጥቅምት 2፣ ጥቅምት 8፣ ጥቅምት 14፣ 1976። በየመካከላቸው ስድስት ስድስት ቀን ነው። የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ቢሾፕ ሥልጣኑን ከምክትላቸው ከበርናርድ ኮርድ ጋር በጋራ እንዲይዙ ወሰነ። ቢሾፕ እሺ ካሉ በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ጥቅምት 2 በቤታቸው ታሰሩ። ጥቅምት 8 ሕዝቡ ሆ ብሎ ወጥቶ አስፈታቸውና ወደ ምሽጉ ይዟቸው ሄደ። ወታደሮች ተኮሱ፤ ቢሾፕና አብረዋቸው የነበሩ ሚኒስትሮች ግድግዳ ሥር ቆመው ተረሸኑ። ከዚያ ለቀናት ሙሉ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ከቤቱ የወጣ እንደሚተኮስበት ተነገረ። መሪውን የገደለበትን መንግሥት ሕዝቡ ወጥቶ ይከላከልለታል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የተማሪዎ ጥያቄ መልስ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ ግድያውን በይፋ አወገዙ፣ ተጨማሪ ጦርም አንልክም አሉ። በ1970 ወደ ኦጋዴን ከ10 ሺህ በላይ ኩባውያን ዘምተው ነበር፤ ግሬናዳ የነበሩት ግን ወደ 780 ናቸው፣ አብዛኞቹም የማረፊያው ግንበኞች። ሶቭየት ኅብረትም የመከላከያ ውል አልነበራትም፤ ለአሜሪካ ደጃፍ ለሆነች ደሴት ብላ ጦርነት አትገጥምም። ወዳጅነትና የጦር ቃል ኪዳን የተለያዩ መሆናቸውን ተማሪዎቹ እዚህ ላይ ይለዩ።

ጥቅምት 14 አሜሪካ ገባች። ምክንያቷ 600 ያህል አሜሪካውያን የሕክምና ተማሪዎችን ማዳንና የጎረቤት ደሴቶች ጥሪ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ቤይሩት ላይ 241 ወታደሮቿ በአንድ ፍንዳታ ሞተውባታል። ዝግጅቱ ችኩል ስለነበር ወታደሮቹ የቱሪስት ካርታ ይዘው ተዋጉ፤ ተማሪዎቹ በሁለት ግቢ መሆናቸውንም ያወቁት ከገቡ በኋላ ነው። በስህተት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተደብድቦ ሕሙማን አልቀዋል። 19 አሜሪካውያን፣ 45 ግሬናዳውያንና ሃያ አራት ያህል ኩባውያን ሞቱ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ108 ድምፅ ወረራውን ነቀፈ፤ ውሳኔውን የተቃወሙት 9 ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ። ስለ ግሬናዳ ወረራ በእንግሊዝኛ 1983፣ በአማርኛ 1976 አነበብኩ። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጁ ዲሴምበር መጨረሻ (ታኅሣሥ 22 ገደማ) ከፈረንጁ ዓመት 7፣ ከፈረንጅ ጥር እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሺ። ቀኑ ላይ ግን ተጠንቀቂ፦ 1975 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች፤ ስለዚህ የፈረንጁ ኦክቶበር 25 በዚያ ዓመት እንደ ወትሮው ጥቅምት 15 ሳይሆን ጥቅምት 14 ላይ ዋለ።