ሐኪም ለመሆን ለተነሣችሁ፦ ስለ ራቼት

ውድ ልጆቼ፣

በሕክምና ዘመኔ የታላላቅ ሐኪሞችን ታሪክ አንብቤአለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንድ ሮቦት ነው። ራቼት ይባላል። የአሜሪካው ሃስብሮ ከጃፓኑ ታካራ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ባቀረባቸው፣ ወደ ተሽከርካሪና ወደ ሌላ ነገር በሚለወጡ የትራንስፎርመርስ ሮቦት መጫወቻዎች ውስጥ የአውቶቦቶች፣ ማለትም ከሌላ ዓለም የመጡት ደጋግ ሮቦቶች፣ ሐኪም ነው፤ ሲለወጥም አምቡላንስ ይሆናል። የመጀመሪያው መጫወቻ በወጉ የተሠራ ራስ እንኳ አልነበረውም። ሰው የሚመስል ፊት የሰጡት ሠዓሊዎቹ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1985 በትራንስፎርመርስ ኮሚክ መጽሔት የወጣውን ታሪክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ስፓርክፕለግ የተባለ መካኒክ፣ እንደ እኛ ሰው የሆነ፣ ልቡን ታሞ ይወድቃል። ራቼት አምቡላንስ ሆኖ ወደ ሆስፒታል ያደርሰዋል። እሱ በሌለበት ሾክዌቭ የተባለው ጠላት መጥቶ ጓደኞቹን ይጥላቸዋል። ራቼት ሲመለስ ሁሉም ወድቀዋል፤ እነሱን መልሶ የማቆሙ ኃላፊነት ተዋጊ ባልሆነው በእሱ ጫንቃ ላይ ያርፋል። ልብ በሉ፦ ያተረፈው ብልጠት ወይም ጉልበት አይደለም፤ በሽተኛ ይዞ መሄዱ ነው። ያውም በሽተኛው ከወገኖቹ አንዱ አልነበረም፤ የሌላ ዓለም ፍጡር ነበር። ከፊታችሁ የተኛው ሰው የማን ወገን እንደሆነ ሳትጠይቁ እጃችሁን ታጥባችሁ ቅረቡ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በጀመረው የቴሌቪዥን ተከታታይ ደግሞ ራቼት አርጅቶ ቁጡ ሆኗል። ባልክሄድ የተባለው ግዙፍ ጓደኛው መሣሪያ በሰበረበት ቁጥር ይጮኽበታል። ይህን ቁጣውን እወድለታለሁ፤ ለመሣሪያው የማይሳሳ ሐኪም ለበሽተኛው ይሳሳል ብዬ አላምንም።

የሚያስጨንቀኝ የዚሁ ተከታታይ ሌላ ክፍል ነው። ራቼት ቤተ ሙከራ ውስጥ የቀመመውን ሰው ሠራሽ ኢነርጆን፣ የሮቦቶቹን ነዳጅ፣ በገዛ አካሉ ላይ ይሞክረዋል። ጉልበቱ ይጨምራል፤ ትዕግሥቱና ማስተዋሉ ግን ይከዱታል። በሌሊት ተረኝነት እንቅልፍን ለማባረር መድኃኒት የምትውጡ ልጆች እንዳላችሁ ስለማውቅ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። መድኃኒቱ ዓይናችሁን ይከፍት ይሆናል፤ የደከመ ፍርዳችሁን ግን አያድስም፤ እንዲያውም ድካማችሁን ከራሳችሁ ይደብቅባችኋል። መጠኑን የምትጽፈው እጅ ስትሳሳት የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው።

እባካችሁ፣ ሲደክማችሁ ለባልደረባችሁ ንገሩ። በሽተኛውን በቃል ብቻ አታስረክቡ፤ የተሰጠውን፣ የቀረውንና የሚያሠጋችሁን ካርዱ ላይ ጽፉ፤ ተረካቢው ሲያነበውም አጠገቡ ቁሙ።