ከከንቲባው በፊት የምትፈርሙ ልጆቼ

አንድ ከንቲባ በሙስና ሲከሰስ ሰው የሚያወራው ስለ ቤቱና ስለ መኪናው ነው። መርማሪ ግን መጀመሪያ ፋይሉን አምጡ ይላል። እዚያ ላይ ከከንቲባው ፊርማ ቀድሞ የመሐንዲሱ፣ የግዥ ባለሙያውና የሒሳብ ሹሙ ፊርማ ተደርድሯል። ትምህርት ጨርሳችሁ ማዘጋጃ ቤት ስትቀጠሩ የምትቀመጡት በእነዚህ ወንበሮች ላይ ነው።

ጨረታ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ዝርዝር መግለጫው ሲጻፍ ነው። አንድ ድርጅት ብቻ ያለው ማሽን እንደ ግዴታ ከገባ፣ ሰነዱ ሳይከፈት አሸናፊው ታውቋል። ከዚያ የሚከፋው ልኬት ነው። ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 7 ሜትር የሆነ መንገድ አስቡ። ውሉ የሚለው የአስፋልት ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። 4 ቢነጠፍ በዓይን አይለይም፤ ግን 70 ሜትር ኩብ አስፋልት ጎደለ። በክብደት ወደ 160 ቶን፣ 16 ቶን የሚጭኑ 10 ገልባጮች ማለት ነው። ተቋራጩ ገንዘብ በሚቀበልበት የክፍያ ሰርተፊኬት ላይ «5 ሳንቲ ሜትር» ብሎ የፈረመው ሜዳ ላይ የቆመው ወጣት መሐንዲስ ነው። ከዓመታት በኋላ አስፋልቱ ተሰርስሮ ናሙና ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠራውም እሱ ነው። ሳትለኩ አትፈርሙ። የለካችሁበትን ቦታ፣ ቀንና ውጤት እዚያው በመዝገባችሁ ጻፉ።

«ከላይ ታዟል» ተብሎ በስልክ ብቻ የሚመጣ ትእዛዝም አለ። እምቢ ማለት ያስፈራል፤ ይገባኛል። ጠብ አያስፈልግም። በዚያው ቀን «በስልክ እንድፈጽመው የታዘዝኩት ሥራ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ» የሚል አጭር ማስታወሻ ጻፉ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጡት፣ ቅጂውን ያዙ። ትእዛዙ ቀና ካልነበረ ብዙውን ጊዜ መልስ አይመጣም።

ጉቦም መልኩ ብዙ ነው። በአሜሪካ የኒው ኦርሊንስ ከተማ ከንቲባ የነበረው ሬይ ኔጊን ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ፣ ከከተማዋ ሥራ የሚፈልግ ነጋዴ ለከንቲባው ልጆች ድርጅት የላከው ግራናይት ድንጋይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በ20 ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ 10 ዓመት ተፈረደበት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ለቀልድ እንኳ ሲያነሱት አልወድም፤ ቤተሰብ ይዞ ይጠፋል።

ሆኖም ክስ ፍርድ አይደለም። ንጹሕ ከንቲባም ይከሰሳል፤ ያኔ የሚያድነው እናንተ በጊዜው የጻፋችሁት ቃለ ጉባኤ ነው። ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ ተጠርጣሪን ሌባ አትበሉ።

ለምስክርነት ከተጠራችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ፤ የማታስታውሱትን ቀን በግምት አትናገሩ። ምርመራ ሲጀመር አንዳንዱ ደንግጦ የጎደለውን ቃለ ጉባኤ ዛሬ ይጽፍና ያለፈ ቀን ይሰጠዋል። ይህ ሰነድ ማጭበርበር ነው፤ ምንም ያልበላ ሰው በዚህ ይታሰራል። የጎደለ ወረቀት ካለ መጉደሉን በደብዳቤ አሳውቁና ፋይሉን እንዳለ አስረክቡ።